ዛሬ ለፍሪጅ አጨበጨብን

ዛሬ ሰመራ ውስጥ ለፍሪጅ አጨበጨብን!

ከአዲስ አበባ የመጡ ሙዚቀኞች እዚህ ካፌ በባትሪ መቅጃ በቀጥታ እየተቀዱ ነበር። ሙዚቃቸው አንድ ድምፅ ይዞ በጣም ቀስ እያለ መንሸራተት ነው፤ ዜማ የለ፣ ምት የለ።

ሳይጀምሩ የካፌውን ባለቤት ለመኗቸው። "ሐጂ፣ ፍሪጁ ይጮሃል፤ ያጥፉልን።"

"ወላሂ አላጠፋም! በዚህ ሙቀት ሰዉን የፈላ ውሃ ላጠጣው?"

(የሰመራ ሰው ፍሪጅ ከሚያጠፋ ትዳሩን ይፈታል።)

ቢቸግራቸው መሣሪያቸውን በፍሪጁ ድምፅ ቃኙ።

መሃል ላይ መብራት ጠፋ። ፍሪጁ ዝም ሲል አለቀ ብለን አጨበጨብን። ለካ ገና በቀስታ እየተጫወቱ ነው!

መሪያቸው "ቀረጻውን አበላሻችሁት!" ብሎ ጮኸ።

ሐጂ፦ "ልጄ፣ የተቃኛችሁት በሱ። እሱ ሲያቆም አለቀ ብንል ምን ይገርማል?"

አሁን መብራት መጥቶ እንደ አዲስ ጀምረዋል። ሁላችንም ፍሪጁ ላይ አፍጥጠናል።

እናንተስ ያለቦታው አጨብጭባችሁ ታውቃላችሁ? ብቻችንን አታሳፍሩን።