አንሶላ የለበሰው የአየር መለኪያ

«እሺ፣ ተለካ። ከዚያስ?» አለችኝ እናቴ።

የአየር መለኪያው፣ ማለትም አየሩ ላይ ያለውን አቧራ የሚለካው ሳጥን፣ የተተከለው ማንሺያ በሚባለው የሀብታም ሰፈር፣ እሷ በሠራተኝነት በምትሠራበት ቤት ጣሪያ ላይ ነበር። እዚህ አገር ጦርነቱ ሳይመጣ ነው፤ ገና ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ። መለኪያውን የሚያስተክለው መሥሪያ ቤት መብራት የማይጠፋበት ቤት ሲፈልግ፣ የቤቱ ባለቤት ማዳም ጄኔሬተር ስላላት ፈቀደች። እናቴ ደግሞ «ልጄ የተማረችው እኮ ይሄንኑ ነው» ብላ አስቀጠረችኝ። ሥራዬ ምን መሰላችሁ? ጠዋት ጠዋት ከምኖርበት ከካላክላ በሚኒባስ ታፍኜ መምጣት፣ የሳጥኑን አየር ማስገቢያ መወልወል፣ ቁጥሩን ለመሥሪያ ቤቱ መላክ። በቃ።

ግን ያኔ ለእናቴ ጥያቄ መልስ ያለኝ መስሎኝ ነበር። አስም አለባት። ሀቡብ፣ ያ ሰማዩን ቀይ የሚያደርገው የአቧራ ማዕበል፣ መጥቶ በሄደ ቁጥር ግቢውንም ጣሪያውንም የምትጠርገው እሷ ናት። ከዚያ በኋላ ደረቷ ሲያፏጭ ያድራል። ማዳምን እንዳታስጠርጋት ስለምናት «አቧራ ሰው ገድሎ ያውቃል እንዴ?» ትለኛለች። ስለዚህ ማዳም ቁጥሩን በራሷ ስልክ ላይ እንድታየው አደረግኩና ቃል አስገባኋት፦ አቧራው በዝቶ ቀይ ካሳየ፣ እስኪወርድ ድረስ እናቴ መጥረጊያ አትነካም።

«ኢንሻአላህ» አለች። እኔም አመንኳት። ቂል!

ሀቡቡ ሲመጣ ሥራዬን ጨርሼ፣ ሱቅ ዐረቢ የሚባለው ገበያ ጋ የቤቴን ሚኒባስ እየጠበቅኩ ነበር። አንድ ሱቅ ውስጥ ተወሽቄ ሻሼን አፌ ላይ ጠቀለልኩ። እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። ዛሬ ማዳም ቀዩን ታየዋለች አልኩ።

ሲያልፍ ወደ ማንሺያ ተመለስኩ። እናቴ ጣሪያው ላይ ናት፤ በአንድ እጇ መጥረጊያ፣ በአንድ እጇ የምትስበውን የአስም መድኃኒት ይዛለች። መለኪያው ከላይ እስከ ታች በእርጥብ አንሶላ ተጠቅልሏል።

«እማ! ምንድን ነው ይሄ?»

«ምን ላርግ ታዲያ? እንጀራሽን አቧራ ይብላው? መስኮት እንኳ ሳልዘጋ ነው ወደሱ የሮጥኩት።»

እዚህ አገር ሀቡብ ሲመጣ ሁሉም የሚሳሳለትን ይሸፍናል፤ የውሃ ገንቦውን፣ አልጋውን፣ ቴሌቪዥኑን። እሷ የኔን ሸፈነች። ምን ብዬ ልቆጣት?

ማዳም ስልኳን ይዛ ወደ ጣሪያው ወጣች። «ያ ቢንቲ፣ አንቺ ልጅ፣ ነይ እዪ! አረንጓዴ! የኛ ሰፈር ንጹሕ ነው አላልኩሽም?»

«አንሶላ ለብሶ እኮ ነው!»

«ቀይ ከሆነ አልሽ እንጂ ስለ አንሶላ ምን አልሽኝ?» ብላ ሳቀች። «ያላ፣ ቶሎ ይጠረግ፣ እንግዳ እየመጣብኝ ነው» ብላ ወደ ታች ወረደች።

አንሶላውን ገፈፍኩት። አየር ማስገቢያው በጭቃ ተደፍኗል፤ ቁጥሩ አረንጓዴው ላይ እንደተገተረ ቀረ። አለቃዬ ጋ ደወልኩ። «ማፊ ሙሽኪላ» አለኝ፣ ችግር የለም። «የዛሬውን ባዶ አድርገሽ እለፊው። ሀቡብ እንደሆነ ሌላም ይመጣል።»

መጥረጊያውን ከእናቴ እጅ ልነጥቅ ሞከርኩ። አልለቅም አለች።

«ዲግሪ ይዘሽ መጥረጊያ? ሰው ይስቅብኝ? ዞር በይልኝ!»

መጥረግ ጀመረች። አቧራው እስከ ወገቧ ተነሳ። ሁለቴ ጠረገች፣ ሳለች፣ ጎንበስ ብላ ቆየች፣ ደግሞ ጠረገች። ሳሉ ጋብ ሲልላት ቀና ብላ ወደ ሳጥኑ በአገጯ አሳየችኝ።

«ምንም አልሆነም አይደል? ይለካል አይደል?»

«ይለካል፣ እማ» አልኳት። ድምፄ ማዳም እስካለችበት እስከ ታች ተሰማ። «ይለካል፤ ከዚያ ምንም የለም።»