ያለ ሰዓቱ የመታሁት ደወል

«ደወል ያለ ሰዓቱ እንዳትመታ፤ አገር ይወጣብሃል» ይለኝ ነበር አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና። እሱ ሲያርፍ የቤተ ክርስቲያናችንን የድንጋይ ደወል መምታት ለእኔ ቀረ። ዛፍ ላይ የተንጠለጠለች ጠፍጣፋ ድንጋይ ናት፤ ስትመታ ከጋራው ማዶ ትሰማለች።

ባለፈው ጾም ሁለት የማላውቃቸው ጎልማሶች ከዘመሮ ከተማ በኩል በመኪና መጥተው ከሥሯ ተቀመጡ። ስልካቸው ሙዚቃ ያሰማል።

«ምንድነው ይሄ በጾም?» ብላቸው «ጃዝ ነው፣ አባቴ» አሉኝና ክርክራቸውን ቀጠሉ።

«የዚህ ቀረጻ ነፍሱ ፒያኖው ነው» ይላል ቀጭኑ።

«ሂድ ወዲያ! ከበሮ መቺው ነው እንጂ። ይቺን ኪንን የምትለዋን ስማት፤ ድንጋይ ነው የመታው» ይላል ጺማሙ።

«ድንጋይ እንዲህ አይጮህም፤ ብረት ነው።»

ያን ጊዜ ጺማሙ ተነስቶ ደወሏን በጥፍሩ ቆርቆር አደረጋት። ጠረጠርኩ። ዓምና ከጎረቤት ደብር መስቀል ተሰርቋል። ጭራሽ «አባቴ፣ ስንት ሰው ነው የሚሸከማት?» ብሎ አይጠይቀኝ መሰላችሁ!

በስመ አብ ብዬ መምቻውን አነሳሁና ደጋግሜ መታኋት። ካህኑም ገበሬውም ዱላውን ይዞ እየሮጠ መጣ።

«ደወላችንን ሊወስዱ ነው!» ብዬ ጮህኩ።

ሰዉ ከበባቸው። ቀጭኑ እጁን ወደ ላይ ሰቀለ። ጺማሙ ግን ያን ሁሉ ዱላ ከቁም ነገርም ሳይቆጥር፣ ፊቱ በርቶ፣ ክንዴን ያዘና እንዲህ አለኝ፦

«አባቴ፣ በማርያም ይዤዎታለሁ፣ ሰዉ ሳይበተን አንዴ ይድገሙልኝ፤ ድምጿን ሳልቀዳው አመለጠኝ።»