የአጎቴ አሻራ

የፋይናንስ ሕግ ሁለተኛ ዲግሪዬን ስማር ቡሬ ውስጥ የአንድ አበዳሪ ተቋም ነገረ ፈጅ ነበርኩ። ከሰኞ እስከ ዓርብ የብድር ውል አዘጋጃለሁ፤ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ያው ውል ምን ጉድ እንዳለበት እማራለሁ። ባልደረቦቼ "በአምስት ቀን የሠራሽውን በሁለት ቀን ታፈርሽዋለሽ" እያሉ ይስቁብኝ ነበር። እውነታቸውን ነው።

የመመረቂያ ጽሑፌ ገበሬው የመሬት ይዞታውን አስይዞ ስለሚበደርበት አሠራር ነበር። ክርክሬ አጭር ነው፤ አበዳሪዎች ውሉን ሳያነቡለት ያስፈርሙታል። ከውሉ ግርጌ ግን "ተነብቦልኝ፣ ተረድቼ ፈርሜያለሁ" የሚል ዓረፍተ ነገር መቼም አይጠፋም። ይህችን ዓረፍተ ነገር ስንት ገጽ ሙሉ እንደወቀስኳት እኔ ነኝ የማውቀው። አማካሪዬ "እዚህ ላይ ጎበዝ ነሽ" ብለው ጻፉልኝና ደረቴን ነፍቼ ሰነበትኩ።

ተዘግቶ የቆየው መንገድ በተከፈተ ሰሞን ገበሬዎችን ልጠይቅ ወደ ቋሪት ሄድኩ። እናቴ ከሞተች ወዲህ እናትም አባትም የሆኑኝ አጎቴ የሚኖሩት እዚያ ነው፣ ከገበዘ ማርያም ከተማ ትንሽ ወጣ ብሎ። ዩኒቨርሲቲው እያንዳንዱ ተጠያቂ የፈቃደኝነት ቅጽ ካልፈረመ ቃለ መጠይቁን አይቀበልም። አጎቴ ጎረቤቶቻቸውን ሰብስበው ጠበቁኝ። ቅጹንና የአሻራ ቀለሙን ሳወጣ ግን ሰዉ ሁሉ እጁን ጋቢው ውስጥ ከተተ። አንዲት ሴትዮማ "እኔስ ጣቴን ለማንም አላበድርም" ብለው ተነሡ።

የመጨረሻው ሚኒባስ ሊያመልጠኝ ነው። ቁጡ ነኝ፣ አልደብቅም። "ኧረ ምን ሆናችኋል! ልበላችሁ ነው እንዴ?" አልኩ። ይኼኔ አጎቴ ብድግ ብለው "አምጭው" አሉና አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ላይ ጫን አድርገው ወረቀቱ ላይ አሳረፉ። እሳቸውን አይተው ሌሎቹም አንድ በአንድ ተከተሉ። ጥያቄዬን ጨርሼ ሚኒባሱም ሳያመልጠኝ፣ ደስ ብሎኝ ተመለስኩ።

ወር ሳይሞላ አጎቴ ደወሉልኝ። እሳቸው ደውለው አያውቁም፤ ሁልጊዜ የምደውለው እኔ ነኝ። የመጨረሻ ወንድ ልጃቸው ሊያገባ ሽማግሌ ተልኮ፣ የሠርጉ ቀን ተቆርጦ ነበር። አሁን የልጅቱ አባት "ይቅርብኝ" ሊሉ ነው። አገሩ ሁሉ "የእህቱን ልጅ ለማስተማር መሬቱን አስያዘ፤ አበዳሪ ቤት የምትሠራዋ ራሷ መጥታ አስፈረመችው" ብሎ አውርቷል። ልጁ የሚያርሰው መሬት ዕዳ ካለበት ደግሞ ሴት ልጁን ማን ይሰጣል?

"ለራሴ ብዬ አይደለም" አሉ አጎቴ። "ልጁ ልጅቱን ይወዳታል። እህል መቅመስ ትቷል።"

መጀመሪያ ተናደድኩ፤ ወዲያው አፈርኩ። አጎቴን ይዤ ወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ሄድኩና ይዞታው ከዕዳና ከእገዳ ነፃ ነው የሚል ባለማኅተም ደብዳቤ አወጣን። ደብዳቤውንና አሻራ ያረፈበትን ቅጽ ይዘን የልጅቱ አባት ቤት ሽማግሌዎቹ ፊት ተቀመጥን።

የልጅቱ አባት ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። ደብዳቤውን ያነበበችላቸው ሙሽራዋ ራሷ ነበረች። ሰምተው ሲጨርሱ "ይሁን፣ መሬቱስ ነፃ ነው" አሉ። "እኔን ያስፈራኝ ሌላ ነው። ምን እንደሆነ ሳያውቅ ጣቱን ያሳረፈ ሰው ነገም ያሳርፋል። ልጄ የምትገባው እዚያ ቤት ነው።" ከዚያ እኔን ጠቁመው ወደ አጎቴ ዞሩ። "ወረቀቱን አንብባልዎታለች?"

"አንብባልኛለች" አሉ አጎቴ።

ክው አልኩ። አላነበብኩላቸውም። አጎቴ ሲዋሹ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ የዋሹትም እኔ እንዳልዋረድ ነው። ቅጹ ጭኔ ላይ ነበር። ከግርጌው፣ እኔው በእጄ የጻፍኩት፣ "ተነብቦልኝ፣ ተረድቼ" ይላል። ዝም ብል ጋብቻው እዚያው ይጸና ነበር። ግን እኚያን ሰው በሽማግሌ ፊት ውሸታም አድርጌ እንዴት ልተዋቸው?

"አላነበብኩላቸውም" አልኩ። "ጥፋቱ የኔ ነው። መኪና እንዳያመልጠኝ ቸኩዬ ነው። እሳቸው የፈረሙት እኔን አምነው ነው።"

አንዱ ሽማግሌ "ወይ ጉድ!" አሉ። አጎቴ ወደኔ አላዩም፤ ጋብቻውን ያፈረስኩት መሰለኝ።

"እንግዲያው አሁን አንብቢው" አሉኝ የልጅቱ አባት።

ከላይ ጀምሬ አነበብኩ። "በማንኛውም ጊዜ፣ ምክንያት ሳይሰጡ፣ ከጥናቱ መውጣት ይችላሉ" የሚለው ላይ ስደርስ አስቆሙኝ።

"ይኸ እውነት ነው?"

"እውነት ነው።"

"እንግዲያ ሳያውቁ ገብተዋል፤ አውቀው ይውጡ" አሏቸው አጎቴን። "የሥጋ ዘመድን ማመን ነውር አይደለም። እኛም ቀናችንን አንለውጥም።"

አጎቴ እጃቸውን ዘረጉ። ቅጹን ሰጠኋቸው፤ አጣጥፈው የደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። ሽማግሌዎቹ መረቁ። ልጁ ውጭ ቆሞ ሲጠብቅ ነበርና ሲነግሩት አጥሩን ተደግፎ ሳቀ።

በማግስቱ ለሌሎቹም ቤት ለቤት እየዞርኩ አነበብኩላቸው። ገሚሶቹ ከጥናቱ ወጥተው ቅጻቸውን መልሰው ወሰዱ። ቀሪው ለመመረቂያ ጽሑፍ አይበቃም ነበርና ምረቃዬ ለሚቀጥለው ዓመት ተላለፈ። አማካሪዬ ለምን ብለው ሲጠይቁኝ እውነቱን ነገርኳቸው።

ያኔ ከቋሪት ስመለስ አጎቴ እስከ መኪናው መንገድ ሸኙኝ። መንገዱን ሁሉ ስለ ድንቹ በሽታ ሲያወሩልኝ ነበር። መኪናው ሲመጣ እጄን ያዝ አደረጉና "ልጄ" አሉኝ፣ "ያን ቀን አንብበሽልኝም ቢሆን እኮ እፈርምልሽ ነበር።"

ተሳፍሬ ፍኖተ ሰላም እስክደርስ አለቀስኩ።