የኔታ የተንበረከኩልኝ ጠዋት

ከሞጣ ተነስቼ ወደ አዲስ አበባ ስሄድ ቢቸና ላይ ፈታሾች ከአውቶቡስ አወረዱኝ። አንዱ ቦርሳዬ ውስጥ ያገኘውን የፒያኖ ኖታ አገላብጦ አየና፣ «ይኼ የምን ምልክት ነው?» አለኝ። የሙዚቃ መምህር እንደሆንኩ፣ ለፒያኖ ፈተና እንደምሄድ ነገርኩት። አላመነኝም። ኖታውን ወሰደው።

ያስገቡኝ እስር ቤት የተደረገ የእህል መጋዘን ውስጥ ነበር። የጤፉ ብናኝ ጉሮሮ ይከረክራል። ከጎኔ የሚተኙት አንድ አዛውንት የዜማ መምህር ነበሩ፤ ሁላችንም የኔታ እንላቸዋለን።

ለፈተናው ገና ሦስት ሳምንት ይቀረዋል። እስከዚያ ይፈቱኛል ብዬ ተስፋ አድርጌያለሁ። የምፈተንበትን የፒያኖ ሥራ ገና በደንብ አልያዝኩትም፤ ሦስት ድምፆች እየተከታተሉ የሚሄዱበት ስድስት ገጽ ክላሲክ። ጭኔን ፒያኖ አድርጌ በቃሌ እለማመድ ጀመር።

«ጣትህን ምን ነካው?» አሉኝ የኔታ።

ሁልጊዜ ከመጀመሪያው እንደምነሳ፣ ስሳሳት ወደ መጀመሪያው እንደምመለስ አስረዳኋቸው።

«እንዲያማ ዕድሜህን ደጃፉ ላይ ልትጨርስ ነው! የሚከብድህን ቆርጠህ ለብቻው ያዝ። ጥቂት ጥቂት። ደግሞ የትናንቱን ሳትከልስ አዲስ እንዳትጨምር።»

እቅዴን ግድግዳው ላይ በከሰል ጻፍኩ። በየቀኑ የምይዘው መስመር ቁጥር፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ክለሳ። በአምስተኛው ቀን፣ ሁለት ወር ሙሉ እምቢ ያለኝ ቦታ እጄ ገባ።

በማግስቱ ጠዋት ዘቡ ጽሑፉን አየው።

«ግራ ሦስት፣ ቀኝ አራት... የዘብ ቁጥር ነው የመዘገባችሁት? የማን ነው?»

«የኔ ነው» ማለት ብቻ ነበረብኝ። መሬት መሬት አየሁ።

«የኔ ነው» አሉ የኔታ።

ግቢው ውስጥ ጠጠር ላይ አንበረከኳቸው። በቆርቆሮው ሽንቁር አያቸዋለሁ። ነጠላቸው ከትከሻቸው ወደቀ፤ እንዲያነሱት አልፈቀዱላቸውም። ሽማግሌ ናቸው፣ አሁን ያዝኑላቸዋል እያልኩ ራሴን አታለልኩ። ፀሐይዋ አናት ላይ ወጣች።

ቀትር ላይ ደግፈው መለሷቸው። ጉልበታቸው ላይ ጠጠር ተጣብቋል።

«የኔታ፣ እኔ...»

«ዛሬ ከለስህ?» አሉኝ። ቁጣ የለበትም። ባይሆን ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ተነስቼ በሩን ደበደብኩ። ዘቡ ሲከፍት፣ «ጽሑፉ የእኔ ነው። እሳቸው የሉበትም» አልኩ።

«ታዲያ ጠዋት የት ነበርክ?»

ወጥቼ ሳያዘኝ ጠጠሩ ላይ ተንበረከኩ፤ እስኪመሽ ድረስ።

ሳልፈታ ፈተናው አለፈኝ። ዛሬ ሞጣ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ አዲስ ሥራ ሲጀምሩ የማስይዛቸው በየኔታ መንገድ ነው፤ ቶሎ ይገባቸዋል፣ ያመሰግኑኛል። ከማን እንደተማርኩት እነግራቸዋለሁ። ጠጠር ላይ መንበርከኬንም አንድ ሁለቴ ነግሬያቸዋለሁ። ከእኔ በፊት ማን እንደተንበረከከ፣ ስለ ማን ሲባል እንደነበርም ግን ስጽፈው ይህ የመጀመሪያዬ ነው።