እናቱን ይዞ የመጣው መምህር

ዠልያዝኮ ሚንቼቭ ከባልካን ተራራ ግርጌ ባለች ትንሽ የቡልጋሪያ ከተማ ፊዚክስ ሲያስተምር ጸጉሩ አለቀ፣ ሆዱ ወጣ። ትዳር አልያዘም፤ ከእናቱ ከእማማ ዶንካ ጋር ይኖራል። ክፉ ሰው አይደለም። ችግሩ ሲናገር እንቅልፍ ያመጣል። አንድ ቀን ስለ መብረቅ እያስተማረ እውነተኛው መብረቅ ግቢው ውስጥ ያለውን ዛፍ መታው፤ ከተማሪዎቹ ቀና ያለ አልነበረም።

ድሮ ቢያንስ ተደብቀው ነበር የሚተኙት። ብልጡ ስልክ ከመጣ ወዲህ ግን ነገሩ ለየለት። የቤት ሥራ ሲሰጣቸው ስልኩን ይጠይቁታል፣ ስልኩ ይነግራቸዋል፣ እነሱ ይገለብጣሉ። ባለፈው መስከረም «መርከብ ለምን አይሰምጥም?» ብሎ ቢጠይቃቸው ክፍሉ በሙሉ «አያቴ የመርከብ ካፒቴን ስለነበሩ ይህ ጥያቄ ልቤን ይነካዋል» ብሎ የሚጀምር ወረቀት አስረከበው። ባሕሩ እኮ ያለው በአገሩ ሌላኛው ጫፍ ነው!

ርዕሰ መምህርቷ ወይዘሮ ስኔዣና ይህን ሲሰሙ ፕሎቭዲቭ ወደሚባለው ትልቅ ከተማ ለሥልጠና ላኩት። አሠልጣኙ ጺሙ ገና ያልጠና ልጅ ነው። «የሚያስተምር ሰው ሁለት ጊዜ ይማራል። ተማሪው ይቁም፣ መምህሩ ይቀመጥ!» አላቸው። ሌሎቹ መምህራን አጨብጭበው፣ ምሳቸውን በልተው፣ ረስተውት ተመለሱ። ዠልያዝኮ ግን የተባለውን ቃል በቃል የሚፈጽም ሰው ነው።

ሰኞ ጠዋት ጠመኔውን አፈ ጮሌዋ ራሊጻ እጅ ላይ አስቀመጠ።

«ዛሬ መምህሯ አንቺ ነሽ። መርከብ ለምን እንደማይሰምጥ አስተምሪን።»

ይህን ብሎ ኋላ ወንበር ላይ ኦግንያን ከሚባለው ቀልደኛ ጎን ተቀመጠ። ራሊጻ ስልኳን አውጥታ እንደ ዳዊት ደጋሚ አነበነበችው።

ዠልያዝኮ እጁን አወጣ። «አልገባኝም።»

«እንዴት አይገባዎትም? ግልጽ እኮ ነው!»

«ግልጽ ከሆነ በራስሽ አፍ ንገሪኛ።»

ራሊጻ ቃል ስትፈልግ እሱ የሱፍ ፍሬ ከኪሱ አውጥቶ ይፈለፍል ጀመር። ቀጥሎ ሽንት ቤት አስፈቀደ። ሲመለስ ከወረቀት የታጠፈ አውሮፕላን ወረወረ።

«አቶ ሚንቼቭ፣ ኧረ ሼም ነው!» አለው ኦግንያን በሹክሹክታ።

በማግስቱ ራሊጻ የሰጠችውን የቤት ሥራ ጠየቀችው።

«ውሻችን በላው።»

«ውሻ የለዎትም!»

«እኔንም የገረመኝ እሱ ነው።»

ራሊጻ ጠመኔውን ጠረጴዛው ላይ አጮኸችው። «በቃ! ከእንግዲህ እናትዎን ሳይዙ እዚህ ክፍል እንዳይገቡ!»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ዠልያዝኮ ግን ደብተሩን ሰብስቦ፣ አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

በነጋታው እማማ ዶንካ የእሁድ ሻርፓቸውን አስረው፣ ባኒጻ የሚባለውን አይብ የገባበት ቂጣ በክብ ትሪ ይዘው በሩ ላይ ቆሙ።

«መምህርቷ ማናት?»

ራሊጻ ቲማቲም መሰለች። «እኔ ነኝ፣ እማማ።»

«ምን አጠፋ?»

«ይረብሻሉ... ሱፍ ይበላሉ... የቤት ሥራም አይሠሩም።»

እማማ ዶንካ ዞረው የልጃቸውን ጆሮ ያዙ። «አንተ የማታፍር! ጡረታህ ደርሶ!»

«እማዬ፣ አዲስ የማስተማር ዘዴ እኮ ነው...»

«ዝም በል! መምህርትህ ፊት አፍህን አትክፈት። ወደ ግድግዳው ዙር!»

ዞረ። ከዚያ እናት ወደ ልጆቹ ዘወር አሉና «ድሮም እንዲህ ነው። ሰባተኛ ክፍል ፊዚክስ ወድቋል» አሉ።

«ፊዚክስ?!» ክፍሉ ተንጫጫ።

«አዎን። ትምህርት ሲዘጋ እኔን ካላስረዳኸኝ እራት የለም አልኩት። በድንጋይ አሳየኝ፣ በእንቁላል አሳየኝ፣ ጮኸብኝ፣ አለቀሰ። በመጨረሻ ለእሱ ገባው። ለእኔ ግን እስካሁን አልገባኝም።»

«ምኑ ነው ያልገባዎት?»

«ይኸው መርከብ የምትሉት። ብረት አይደል? ታዲያ ምን ያንሳፍፈዋል?»

ሁሉም በአንድ አፍ ጮኹ። ራሊጻ ስልኳን ልታወጣ ስትል «አስቀምጪው ልጄ፣ መነጽሬን አልያዝኩም» አሏት። ኦግንያን የጽዳት ገንዳውን ውኃ ሞልቶ እየጎተተ አመጣ። ባኒጻውን በፍጥነት ጨርሰው ባዶውን ትሪ አንሳፈፉት። እማማ ዶንካ ከትሪው ጋር ያመጡትን ማንኪያ ውኃው ውስጥ ጣሉት፤ ማንኪያው ጭልጥ ብሎ ወረደ።

«ይኸው! ማንኪያም ብረት፣ ትሪም ብረት! ታታልሉኛላችሁ?»

«ትሪው ሰፊ ነዋ፣ እማማ!» አለ ኦግንያን እጅጌው እየተንጠባጠበ። «ብዙ ውኃ ይገፋል፤ ውኃውም መልሶ ይገፋዋል። የአውቶቡስ ወረፋ ላይ ሰው ቢገፉት ዝም ይልዎታል?»

«ውኃ ደግሞ ምን እጅ አለውና ነው የሚገፋው?»

ኦግንያን ጸጉሩን ነጨ። በዚህ መሐል በሩ ተከፈተ፤ ወይዘሮ ስኔዣና ናቸው። ወለሉ ሐይቅ ሆኗል፣ ተማሪዎቹ ገንዳ ከበው ይጯጯሃሉ፣ የፊዚክሱ መምህር ግድግዳ ላይ ተለጥፏል።

«አቶ ሚንቼቭ! ምን እየሆነ ነው?»

«ተቀጥቼ ነው» አለ ሳይዞር።

«ወይዘሮ ስኔዣና» አለች ራሊጻ ቆፍጠን ብላ፣ «ይቅርታ፣ በትምህርት ላይ ነን። በኋላ ያነጋግሩት።»

ወይዘሮ ስኔዣና አፋቸውን ከፍተው፣ ከዚያ ዘግተው፣ በሩንም ዘጉ።

ከዚያ ወዲህ እማማ ዶንካ በየሐሙሱ እየመጡ አይገባቸውም። ትራስ ያለው ወንበር ተሰጥቷቸዋል። ልጆቹ እሳቸውን ለማሳመን ሲሉ ከዋዜማው ይዘጋጃሉ፣ ይጣላሉ፣ መጽሐፍ ሳይቀር ይገልጣሉ። የሚተኛ ጠፋ፤ አንዳንዴ ብቻ ዠልያዝኮ ኋላ ወንበር ላይ ያንጎላጃል።

ወሬው ሲናኝ የሥነ ጽሑፍ መምህርቷ መጥታ «እማማ፣ እባክዎ ወደ እኔም ክፍል ይምጡልኝ፤ ግጥም አልገባ ብሏቸዋል» ብላ ለመነቻቸው።

«ግጥምማ ይገባኛል ልጄ፣ ምን እጠቅምሻለሁ?» አሏት እማማ ዶንካ። «ኬሚስትሪ ካላችሁ ግን ጥሩኝ።»