ተኝታለች ያልኳት ልጅ

ስድስት ዓመቷ ነበር። ማጅራት ገትር ይዟት እናትና አባቷ ከወንጂ አመጧት፤ አባቷ ሸንኮራ አገዳ ቆራጭ ነው። እኔ ነርስ ሆኜ ወደምሠራበት፣ አዳማ ወዳለው የሕፃናት ጽኑ ሕሙማን ክፍል ስትገባ መላ ሰውነቷ ይንቀጠቀጥ ነበር። መድኃኒት ሰጠናት፤ መንቀጥቀጡ ቆመ። እፎይ አልኩ።

እናቷ ግን ፊቷን ስታይ ቆየችና፣ «ሲስተር፣ ልጄ አልተኛችም» አለችኝ።

«መድኃኒቱ ነው፣ እናቴ። ተኝታለች፤ ተዪያት ትረፍ።»

«የልጄን እንቅልፍ አላውቀውም? ስትተኛ አፏ ይከፈታል። አሁን ጥርሷን ነክሳለች።»

ጠጋ ብዬ አየኋት። የሚንቀሳቀስ ነገር አልታየኝም። ሌሎች ሕፃናትም ይጠብቁኝ ነበር። «እሺ፣ ለዶክተሩ እነግረዋለሁ» አልኳት። አልነገርኩትም።

በማግስቱ ጠዋት ዶክተሩ ልጅቷ አለመንቃቷ አሳሰበውና የአንጎል ሞገድ የሚያነበውን መሣሪያ አስመጣ። ሽቦዎቹ የራስ ቆዳዋን መንካት አለባቸው፤ ጸጉሯ ግን ለኬጂ ምረቃዋ ሹሩባ ተሠርቷል። መቀስ ሳነሳ እናቷ እጄን ያዘችኝ።

«አትቁረጪው። እኔ እፈታዋለሁ።»

አንድ በአንድ ፈታችው። አንዱንም አልጎተተችም።

መሣሪያው ሲከፈት መስመሮቹ ስክሪኑ ላይ እንደ መጋዝ ጥርስ እየሾሉ ይሮጡ ጀመር። ዶክተሩ ለእናቷ፣ «የሰውነቷ መንቀጥቀጥ ቆሟል እንጂ አንጎሏ አሁንም እየተንቀጠቀጠ ነው» አላት። ከዚያ ወደ እኛ ወደ ነርሶቹ ዞሮ፣ «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለ። እኔ ሽቦዎቹን ማስተካከል ያዝኩ።

እናቷ አየችኝ። «አልኩሽ እኮ» አለች፣ ቀስ ብላ።

መድኃኒት ተጨመረ። ከሰዓት በኋላ መስመሮቹ ሲረጋጉ ደስ ብሎን ነበር። በማግስቱ ግን እየቀጠኑ፣ እየዘቀጡ ሄዱ። በገባች በአራተኛው ቀን ረፋድ ላይ አረፈች።

ለዶክተሩ እውነቱን ነገርኩት። ሰማኝና፣ «በሽታው ራሱ ከባድ ነበር። ቀድመን ብናውቅም ላትተርፍ ትችል ነበር» አለኝ።

«ልትተርፍስ አትችልም ነበር?»

መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። 

ቀብሩ ባለፈ በሁለተኛው ቀን በሚኒባስ ወንጂ ሄድኩ። ለእናቷ ልነግራት፣ ይቅርታ ልጠይቃት ነበር አሳቤ። ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ስታየኝ ፈቀቅ ብላ አጠገቧ አስቀመጠችኝና፣ ለለቀስተኞቹ፣ «ልጄን ያስታመመችልኝ ናት» አለቻቸው።

አንዷ «እግዜር ይስጥሽ» አለችኝ፤ ሌላዋ በኦሮምኛ «ገለቶሚ» ብላ አመሰገነችኝ። «አሜን» አልኩ፤ ልነግራት የመጣሁትን አልነገርኳትም።

እናቷ ከፊቷ ካለው ሳህን ንፍሮ ዘግና መዳፌ ላይ አደረገችልኝ። አንገቴን ደፍቼ በላሁት።