የጋሽ ሰዒድን መፍቻዎች ያጸዳሁ ዕለት

ዛሬ ሰው ልርዳ ብዬ ሰው አስከፋሁ።

ጋሽ ሰዒድ ከወሎ መጥተው እዚህ ሓድነት ሰፈር የሚነግዱ ጎረቤቴ ናቸው። ሞተር ሳይክላቸውን ለቀላል ቀላሉ ነገር ጋራዥ መውሰድ ሰልችቷቸው፣ "ካሉኝ መፍቻዎች ለሞተሯ የሚሆኑትን ምረጥልኝ፤ የጎደለውን እገዛለሁ" አሉኝ።

የማታ ትምህርት ከጨረስኩ ወዲህ በሰፈሩ እኔ ያላነበብኩት ጽሑፍ የለም። የመድኃኒት ወረቀት እንኳ ጮክ ብዬ ነው የማነበው።

መፍቻዎቹ ቀይ፣ ነጭና አረንጓዴ ተቀብተዋል። እኔ ሊቁ ቀለሙን በቤንዚን ፈትጌ አስለቀቅኩና የተቀረጸውን ቁጥር አነበብኩላቸው። "ስምንት፣ አስር፣ አስራ ሁለት። ጋሽ ሰዒድ፣ ቀለም ምን ያደርግልዎታል? የማታ ትምህርት ይመዝገቡ እንጂ።"

 መፍቻዎቹን ከእጄ ተቀብለው፣ "ሓወይ፣ ወንድሜ፣ ቁጥር ካንተ በፊት ነው የማውቀው። ዓይኔ ነው ቅርቡን እምቢ ያለኝ። በቀለሙ ነበር የምለያቸው። ሞተሬን በእጄ መፍታት ካቃተኝማ አረጀሁ ማለት ነው" አሉኝ።

 እኔን የምታውቁኝ እንዲህ ያለ ስህተት ስንቴ እንደሚያጋጥመኝ ታውቃላችሁ።

የባለቤቴን የጥፍር ቀለሞች ለምኜ አመጣሁ። ቀለሙን እሳቸው መረጡ፣ እኔ ቀባሁ። የጎደለው እሳት ሰጪዋ ካንዴላ የምትፈታበት መፍቻ ብቻ ነበር፤ ገዝተን ሮዝ ቀባነው።

ሲደርቅ ጋሽ ሰዒድ እጃቸውን ሰደው ሮዙን አነሱ። ካንዴላዋን ፈትተው፣ አጽድተው፣ መልሰው አሰሩ። እኔን ምንም አልጠየቁኝም።

(እንድጽፈው ፈቅደውልኛል። አንብቤላቸዋለሁ፤ ሁለት ቦታ አርመውኛል።)

እናንተስ ቤት ያሉ መፍቻዎቻችሁን በምን ትለያላችሁ? ሊያስተምር ሄዶ ተምሮ የተመለሰ ካለም ይጻፍልኝ፤ ብቻዬን አልፈር።